የአጎቴ የክርስትና ስም

እኛ ከተማ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ መጠሪያው ነው፤ ሌላው የክርስትና ስሙ፣ እሱን ይደብቀዋል። ጠላት ካወቀው በደብተራ አስደግሞ አእምሮ ያዞርበታል፣ እግር ያስርበታል ይባላል። ስለዚህ ባል ከሚስቱ ይደብቃል፣ ወንድም ከወንድሙ ይደብቃል። አባ ገሠሠ ግን የሁላችንም የንስሐ አባት ስለነበሩ የሁላችንንም ስም ያውቃሉ። ከተማው ሁሉ እንዲህ ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ መጨረሻ ላይ ምሥጢሩን በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ አከማችቶ ተኝቶ ያድር ነበር።

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከአባ ገሠሠ የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አጎቴ ምንተስኖት ከእኛ ጋር ይኖራል። የእናቴ፣ የተሾመች፣ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገችው እሷ ናት። በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እኔንም ቤት ውስጥ ያስተምረኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እጄን ይዞ ምንይሉ የጽሕፈት ሱቅ ይወስደኛል።

ምንይሉ በከተማችን ያለችው የአንዷ ኮምፒውተር ባለቤት ነው። በዚህም ምክንያት አንገቱ አይታጠፍም። ከመሐል ሜዳ በጭነት መኪና በባና፣ በአገራችን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠቅልሎ ነው ያመጣት፤ ከመጣች ወዲህም ሰላምታ የሚሰጠው መርጦ ነው። የስልኩን ገመድ ነቅሎ እሷ ላይ ሲሰካ ማሽኗ አንገቷን እንደተያዘች ፍየል ትጮኻለች፤ ጩኸቷ ሲያባራ ምንይሉ ቅንድቡን ከፍ ያደርግና «ተገናኝተናል» ይላል። ከማን ጋር እንደተገናኘን ማንም አይጠይቀውም።

ኢሜይል ሊያስከፍት የሚመጣው የከተማዋ የተማረ ሰው ነው። አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ ሁሉም ባናቸውን እንደተከናነቡ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። አጎቴ መካከላቸው ቆሞ ይሰብካል።

«የውጭ አገሩን ነው የምትከፍቱት፤ የአገር ውስጡን አትንኩት! የአገር ውስጡ ሣጥን ቁልፉ በሹሞቹ ኪስ ነው። የውጭ አገሩ ግን የተቀመጠው ባሕር ማዶ ነው። ማዕረግ በቅሎውን ጭኖ እዚያ ድረስ ይሂድና ይክፈተው እስቲ!»

ማዕረግ የከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ ነው። ሰው ፊት ለፊቱ ጋሽ ማዕረግ ይለዋል፤ ከኋላው የሚለውን እኔ እንኳ አልጽፈውም። በቅሎ ጭኖ ባሕር ሲሻገር እየታየን ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ምንይሉ ወደ ሥራው ይገባል። «አሁን ፓስወርድ ያስፈልግሃል» ይለዋል ተረኛውን።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አንተ የማትረሳው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የማያውቀው ቃል ነዋ!»

የተማረው ሰው ያስባል። አገጩን ይዳብሳል፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሃያ ዓመት ተምሮ ለብቻው የሚያውቀው አንድ ቃል ያጣል። ምንይሉ ለዚህም መላ አበጅቷል፤ «ማንም የማያውቀው ስም አለህ አይደል? እሱን ጻፍበትና ገላግለኝ!» ይላል። ሰውየው ፊቱ ይበራል። ግራ ቀኙን ያያል፣ ባናውን በእጁና በማሽኗ ላይ ይጥላል፤ ከባናው ሥር ጣቱ ሲላወስ ይታያል። አንዱ ከሌላው በኋላ፣ ሁሉም እንዲሁ። እኔ እንደገባኝ ማሽኗ ሰው ታጠምቃለች። የክርስትና ስም የምትጠይቅ ነገር ሌላ ምን ትሆናለች?

አንድ ቅዳሜ ኸይረዲን መጣ። ከቆላ ጨርቅና ጨው እያመጣ በገበያችን የሚነግድ ሰው ነው፤ ወንድሙ ዓረብ አገር ስለሄደ ሊጻጻፍ ነው የመጣው። ምንይሉ እንደ ልማዱ ያንኑ ምክሩን መዘዘ።

«እኔ እኮ የክርስትና ስም የለኝም» አለ ኸይረዲን እየሳቀ።

«ለካ! እንግዲያ የልጅህን ጻፍ።»

«የናኢማን? ገበያው ሙሉ የናኢማ አባት፣ የናኢማ አባት እያለ ሲጠራኝ እየዋለ? እኔስ የራሴን አላጣም።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። «መምህር፣ ያ ስማችሁን ግን እውነት ማንም አያውቀውም?»

«ማንም! ከእትዬ ተሾመችና ከንስሐ አባቴ በቀር።»

«ታዲያ ሰው ያውቀዋል ማለት ነው።»

«አባንማ ከሰው ትቆጥራቸዋለህ?» አለ አጎቴ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ኸይረዲን ብቻ «እሺ» ብሎ ወደ ማሽኗ ጎንበስ አለ።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ገብሱ ሳይጎነቁል መሬት ውስጥ ደረቀ። የእርዳታ ስንዴ መጣ። ስንዴው ግን ፖለቲካ ያውቃል፤ የፓርቲ አባል ቤት በቀጥታ ይገባል፣ አባል ያልሆነ ሰው ቤት ሲሆን መንገድ ይስታል። «የእናንተ ጆንያ ገና አልደረሰም» ይባላል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጋዘኑ ደጃፍ ይውላሉ። አጎቴ ክፍል ውስጥ ተማሪ በረሃብ እየወደቀበት ሲያይ ከረመና ጽፎ ላከው፤ ባሕር ማዶ ለሚኖር የድሮ የትምህርት ጓደኛው።

ጓደኛው ድረ ገጽ አለው። ድረ ገጹ እዚህ አገር ተዘግቷል፤ አጎቴ የጻፈውን ራሱ እንኳ ከፍቶ ማንበብ አይችልም። ወሬው ግን ከድረ ገጹ ወደ ሬዲዮ ተሻገረና እራት ሰዓት ላይ የሰፈራችን ስም ከውጭ አገር ሲጠራ ሰማን። ጎረቤታችን ደስ ብሎት ጮክ አደረገው፤ ወዲያው ፈርቶ ዘጋው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ማዕረግ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ከመካከላችሁ አፉን ለጠላት ያከራየ አለ!» አለ። «በምን እንደላከውም እናውቃለን! ግን…» ብሎ ቆመ። ግን ምን እንደሆነ ሁሉም አውቆታል። አጎቴ የፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ያን ፈገግታ ዛሬ ባገኘው በጥፊ ነበር የማጠፋው።

ቤት ስንገባ እናቴ አልቻለችም። «አንተ ልጅ፣ ምን ያስገለፍጥሃል? ሰውየው ዓይኑን ካንተ አልነቀለም!»

«እትዬ፣ ማስረጃ የለውማ! ሣጥኑ ባሕር ማዶ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሣጥኑ ሰማይ ቤትም ይሁን። አንተ ያለኸው እዚህ ነው።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በዚያ ዓመት በከተማችን ስለ ኢንተርኔት ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ቃል ግን ይሄ ነበር።

ፈርታ ለአባ ገሠሠ ነገረቻቸው። «በስሙ ይጸልዩልኝ አባ፤ ይህን ልጅ እንዳያስሩብኝ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔንም በየማለዳው ጠበል ከቤታቸው እንዳመጣ አዘዘችኝ።

አንድ ማለዳ ጀሪካኔን ይዤ ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። ውርጩ ጣቴን ይቆረጥመኛል። ማዕረግ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመና አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔን እንደ ጀሪካኗ ነው ያየኝ።

«አባ፣ የዚያን የምንተስኖትን የክርስትና ስም ፈልጌ ነበር።»

«ምን ሊያደርግልህ ልጄ?»

«ልጁ እየጠፋ ነው። ገዳም ልኬ ጸሎት ላስይዝለት ብዬ።»

አባ ገሠሠ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ ዝንብ ግን አልነበረም፣ በዚያ ብርድ ምን ዝንብ ይኖራል። «ጸሎትስ መልካም ነው» አሉ። ደግሞ ትንሽ ቆዩና «የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ነገርስ ምን ደረሰ? ክረምቱ መጣብን እኮ» አሉ።

«በሚመጣው ሳምንት ይጫናል አባ። እኔ ራሴ ነኝ የማስጭነው።»

«ወልደ ሰማዕት ነው» አሉ አባ ገሠሠ።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ ሊለብስ ነው! ያ የምንፈራው ማዕረግ ደግሞ ለአጎቴ ሊያስጸልይለት ነው! ጠበሉ እየተንቦጫረቀብኝ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ስሙን መስማቴን ብቻ አላነሣሁም፤ የሰው የክርስትና ስም ሰማሁ ማለት ነውር ነው። እናቴ መሬት ስማ ተነሣች። «ለካስ ሰው በልቡ ሌላ ነው! እኔ ኃጢአተኛዋ ስንት ጊዜ ረገምኩት!» አለች። ምሳ ላይ ስለ ማዕረግ ጤና ጸለየች።

ከሁለት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በምንይሉ ሱቅ መስኮት አየሁት፤ ማዕረግ ማሽኗ ፊት ተቀምጧል። ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም በአንድ ጣቱ እየፈለገ ይነካል፣ ይሳሳታል፣ ይራገማል። ምንይሉ ከኋላው ቆሞ ላቡን እየጠረገ ፊደሎቹን ይጠቁመዋል። «እሱም ሊጠመቅ መጣ» አልኩ በልቤ።

አሁን የሆነውን ሁሉ በደንብ አውቀዋለሁ። አጎቴ ከተቀመጠበት ሲነሣ የጻፈውን አድራሻ ማጥፋት አያውቅም ነበር፤ ማሽኗ ራሷ ይዛው ቆይታለች። ለማዕረግ የጎደለው ቁልፉ ነው። እሱን የት እንደሚያገኘው ማዕረግ ገና አንዴ ሲቆጣው ምንይሉ ቀድሞ ነግሮታል፤ ሰው ሁሉ የሚጽፈው የክርስትና ስሙን እንደሆነ፣ እንዲያ ያስለመደውም እሱ ራሱ እንደሆነ። ጽሑፉን እንዳይደርሱበት ባሕር አሻግሮ የደበቀ ሰው ቁልፉን አባ ገሠሠ ምላስ ላይ ነበር ያንጠለጠለው። እሱ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ተራ የጠበቀው የተማረ ሰው በሙሉ እንጂ!

አጎቴን የወሰዱት ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በለበሰ ማግስት፣ ምሳ ላይ ነው። ጎርሶ ነበር። ማዕረግ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ ደጁ ላይ ቆመ። በስውር መያዝ ይችል ነበር፤ ግን ብልጠቱን ሰው ካላየለት ምን ዋጋ አለው?

«ወልደ ሰማዕት! ና ውጣ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

የአጎቴ አፍ ማላመጡን አቆመ። ፈገግታው ያን ጊዜ ጠፋ፤ እንደ ድሮው ሆኖ ተመልሶ አያውቅም። እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ደረቷን እየደቃች «ስሙን! ስሙን አገኙት! ወንድሜን አስደገሙበት!» ብላ ጮኸች። አጎቴ በሚሊሻዎቹ መካከል ሲወጣ አንድ ነገር ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ገፈተሩት። በአይሱዙ ጭነው ወደ መሐል ሜዳ ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ ሌላ እስር ቤት አሻገሩት።

በማግስቱ ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ መሪጌታ ሸዋረጋ ቤት ወረዱ። መሪጌታ ክታብ እየጻፉ የሚኖሩ አሮጌ ደብተራ ናቸው፤ በከተማችን ሰው ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ሙሽራ ስትኮበልል ተጠያቂው እሳቸው ነበሩ። እናቴ ከፊት ናት፣ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«አንተ ደብተራ! የወንድሜን ስም ለማን ሸጥከው?»

መሪጌታ አሮጌ ባናቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። «ተሾመች፣ እኔ የሰው ስም የማውቅ ብሆን በዚህ ጎጆ ውስጥ እርጅና ያገኘኝ ነበር? ስም የሚያውቀውን ሄደሽ ጠይቂ!»

«ማነው የሚያውቀው? ተናገራ!»

መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል አዩ። አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ሴቶቹ ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት፤ ተፉባቸው፣ ከዚያች ቀን በኋላም እሳት የሚያውሳቸው ጠፋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በዚያው ሳምንት መጽሐፎቻቸውን አህያ ላይ ጭነው ወደ ራቤል ሄዱ። እኔ ሲሄዱ እያየሁ «እሰይ!» ብያለሁ፤ እንደ ሁሉም ሰው።

ኸይረዲን አንድ ቀን ለማጽናናት ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ «እመት ተሾመች፣ ያን ስሙን ማን ማን ያውቀው ነበር?» አላት።

«እኔ ነኝ፣ አባ ናቸው።»

«እርስዎ አልተናገሩም?»

«ምላሴ ይቆረጥ!»

«እንግዲያ…» አለ።

እናቴ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባት። «የእግዜርን ሰው! ውጣልኝ! ከቤቴ ውጣ!» ብላ አባረረችው። ኸይረዲን አልተቆጣም። «እሺ እመት፣ እግዜር ያስፈታው» ብሎ ሄደ። እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው ብዬ ከኋላው ምላሴን አወጣሁበት። በዚያች ከተማ ማሰብ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱንም ከበር መለስነው።

አጎቴ ሁለት ክረምት ታስሮ ተፈታ። አንድ ጆሮው አይሰማም። ማስተማሩን ተከለከለ። እኔ እሱ በሌለበት መጽሐፎቹን ብቻዬን ስቆፍር ከርሜ እንግሊዝኛ አነበብኩለት፤ ቢያርመኝ ብዬ ጠበቅሁ፣ አላረመኝም። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ አባ ገሠሠ ዘንድ ለንስሐ ሄደ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። እናቴ «እስር ቤቱ ከእግዜር አስታረቀው» ብላ አለቀሰች። እኔም ወኅኒ ቤት ሰው የሚያጸድቅ ቦታ መሰለኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የማዕረግ አለቆች ግምገማ ተቀመጡበት። በራቸውን ዘግተው ሲጯጯሁ ዋሉ፤ ሲወጣ ኮፍያውን ረስቶ ነበር። ወዲያው ከሥራው ተነሣ፤ አልጋውንና ምጣዱን አይሱዙ ላይ ሲጭን ከተማው ሙሉ ቆሞ አየው። ውሻ እንኳ አልጮኸለትም። «ሰማዕቱ ፈረደ!» አለች እናቴ። እኔም አመንኩ፤ ሰማዕቱን በነጭ ፈረስ ግምገማው አዳራሽ ሲገባ በዓይነ ልቡናዬ አይቼዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ያ ገዥ ግንባር ፈረሰ፤ ከተማችንም በአንድ ሌሊት በጀግና ተሞላ። ምንይሉ ዛሬ «እኔ ያኔ ለነፃነት ብዬ ኢንተርኔት ስከፍት» እያለ ያወራል። አንገቱ አሁንም አይታጠፍም። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ባለፈው ፋሲካ ወደ ቤት ስመጣ፣ እሳት ዳር ከአጎቴ ጋር ብቻችንን ተቀምጠን ያን ማለዳ በአባ ገሠሠ ደጃፍ የሰማሁትን ነገርኩት፤ ጸሎቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ስሙን።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ማዕረግ በሩ ላይ ስሜን ሲጠራው ነው ያወቅሁት።»

«እያወቅህ ነው ሄደህ የተናዘዝክላቸው?»

ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። «መናዘዝማ ራቤል ሌላ ቄስ ዘንድ ነው የተናዘዝኩት። አባ ገሠሠ ዘንድ የሄድኩት መልእክት ልልክ ነው።»

«ምን መልእክት?»

«ያን የስንዴ ወሬ ሁሉ ከውስጥ ሲያቀብለኝ የነበረው ማዕረግ ነው አልኳቸው። አለቀስኩ ደግሞ። አባ፣ ይህ ነገር ከእርስዎ ከወጣ ሰውየው ይጠፋል አልኳቸው። ሳምንት አልቆየም፣ ከበላዮቹ ዘንድ ደረሰ።» ሣቀ፤ ከተፈታ ወዲህ ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ያ የባሕር ማዶው ሣጥን እንኳ እንዲህ አይታመንም።»

እኔም ሣቅሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። ከዚያ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

«መሪጌታ ሸዋረጋስ?»

ሣቁ ቆመ። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ።

«ስማቸውን ለምን አላጠራህም? እናቴ እስከ ዛሬ እሳቸውን ነው የምትረግመው።»

«እሳቸውን ነፃ ካወጣሁ አባ ይነቁብኛል። መጀመሪያ ለዚያ ነበር። ኋላ ደግሞ… ቆየ ነገሩ።»

«ቆየ!»

«አመተሥላሴ፣ አትጩኺ።»

አየሁት። ለሕፃናት ስንዴ ብሎ ሁለት ክረምት የታሰረ፣ ጆሮውን የከፈለ ሰው ነው፤ አንድ ደሀ ሽማግሌ ግን በአባ ገሠሠ ፈንታ የከተማውን ትፋት ሲጠጡ አፉን ዘግቶ ኖረ። ማዕረግን መናቅ ቀላል ነው፣ ምንይሉን መናቅ ቀላል ነው። ይኼኛው ከበደኝ፤ ቢሆንም ናቅሁት።

እናቴ ከጓዳ «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» እያለች ወጣች። አጎቴ በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ ከቆርቆሮው እስከ ንስሐው፣ አንድ ሳላስቀር።

አልጮኸችም። ደረቷንም አልደቃችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እሳቱ ከሰለ።

«መሪጌታ በሕይወት ይኖሩ ይሆን?» አለች። እሳቸውን በአንቱታ ስትጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«አሉ። ዓይናቸው ግን አያይም ይባላል» አለ አጎቴ።

ተነሥታ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። «የራቤል መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

አጎቴም ተነሣ። «እትዬ፣ ቆይ፣ እኔም አብሬሽ…»

«አንተ ተቀመጥ» አለችው፣ ሳታየው። «አንተን ስመለስ ነው።»